ብሔራዊ ቴአትርን ከታክሲ መስኮት ብቻ ለምታውቁት፦ ገብቶ የማያ ዝርዝር መመሪያ

"ብሔራዊ ጋ ወራጅ አለ" ብሎ የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ደጁ ያለው የአንበሳ ሐውልት ጋ እንቀጣጠራለን፣ እዛው ቆመን ታክሲ እንጠብቃለን፣ ወደ ለገሃርና ሜክሲኮ ስንሮጥ በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ግን በሩን አልፎ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያየው ስንቱ ነው ብትሉኝ እንጃ። አንዳንዱማ ትዝ የሚለው ከውጭ ዘመድ ሲመጣበት ነው፣ ያኔም አንበሳው ፊት ፎቶ ያነሳውና ቀጥታ ወደ ክትፎ ቤት። ክትፎው አይቀርም፣ ለማታ ይቆይ።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል፣ ህንፃውን ብቻ ለማየት ብላችሁ አትሂዱ። ትኬት ቆርጣችሁ ቴአትር ወይ ሙዚቃ ባለበት ቀን ግቡ። ቴአትር ቤት ባዶውን ሲታይ ሰርገኛው የወጣለት ድንኳን ማለት ነው፣ ጣሪያውን አይታችሁ፣ ወንበሩን ቆጥራችሁ ትወጣላችሁ፣ ምን እንደሚሰራ ግን አይገባችሁም። ቤቱን የምታዩት ከቴአትሩ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ነው፣ እሱ ይበቃል። ስለዚ መመሪያው የተሰራው በዛ ልክ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን ትንሽ ያዙ

ብዙ አይደለም፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ግን ሳታውቁት ከገባችሁ ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ነው የሚሆንባችሁ።

ቤቱን የጀመረው ጣልያን ነው። በወረራው ጊዜ ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ለፊልም ማሳያ አስበው ጀመሩት፣ ሳይጨርሱት ተባረሩ። ከነጻነት በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ 25ኛ ዓመት፣ ማለትም የብር ኢዮቤልዩው፣ ሲቃረብ ለፈረንሳዩ አርክቴክት ለአንሪ ሾሜ ተሰጠና ያ ጅምር ቴአትር ቤት ሆኖ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ስሙም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። በምርቃቱ የታየው ተውኔት "ዳዊትና ኦርዮን" ነው፣ ደራሲው ደግሞ ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው፣ የዛን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሳቸው። ካቢኔ እየመሩ ተውኔት መጻፍ፣ እንግዲህ ሰዓቱን ከየት እንዳመጡት እሳቸው ያውቃሉ።

ይሄ ለምን ይገርማል ካላችሁ፣ ከዛ በፊት የነበረውን አስቡት። በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያ የሚባለውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ሲያሳዩ የታየው ሆቴል ውስጥ ነው፣ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። እንስሳትን እያናገረ ሹማምንቱን ስለጎነተለ ተቆጡ፣ ቴአትር ራሱ ለዓመታት ታገደ። ከእዛ ተነስቶ ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ፣ ንጉሡ ራሳቸው መጥተው የሚመርቁት አዳራሽ ድረስ መምጣት ቀላል መንገድ አይደለም።

ከዛ በኋላ እዛ መድረክ ላይ ማን ያልቆመ አለ። ነርሲስ ናልባንዲያን፣ አርመኑ የሙዚቃ ሰው፣ ኦርኬስትራውን ያሰለጠኑት እዚህ ነው፣ ዛሬ በየዩቲዩቡ የምንሰማው የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የብራስ ድምፅ ውስጥ የእሳቸው እጅ አለበት። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቤቱን ለዓመታት መርተውታል። ወጋየሁ ንጋቱ፣ ደበበ እሸቱ፣ ስንቱ። አብዮቱ ሲመጣ የንጉሡ ስም ወረደና ብሔራዊ ቴአትር ሆነ። እና አሁን የምትገቡበት ቤት ጣልያን የጀመረው፣ ፈረንሳይ የጨረሰው፣ ንጉሡ የመረቁት፣ ደርግ ስሙን የቀየረው፣ ከዛ ወዲህም እድሳት እየተደራረበበት የመጣ ቤት ነው። ስትገቡ የምትፈልጉት ይሄንኑ ንብርብር ነው።

ፕሮግራም ማጣራት

የሚታየው ነገር ፖስተሩ በሩ ላይ ይለጠፋል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይም ይወጣል፣ ተዋንያኑ ራሳቸው ገጻቸው ላይ ያጋሩታል። ፖስተር ላይ ያያችሁትን ግን አምናችሁ ብቻ አትነሱ፣ በዛው ቀን ጠዋት አረጋግጡ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ትልቅ አዳራሽ ለስብሰባም ለምርቃትም ለበዓል ዝግጅትም ይፈለጋል፣ ቴአትሩ ሊዘዋወር ይችላል።

ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው። ለአዲስ አበቤ ይሄን መናገር ሞኝነት ነው ግን ለዳያስፖራ ዘመዶቻችን ነው፣ 11፡30 የሚል ካያችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፣ በፈረንጅ 5፡30፣ እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል አይደለም። 8 ሰዓት ካለ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው።

ምን ልይ ለሚል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነና አብሯችሁ ያለው ሰው አማርኛ ጠንቅቆ የማይሰማ ከሆነ ሙዚቃና ውዝዋዜ ያለበትን ምረጡ፣ ቤቱ የራሱ የባህልና የዘመናዊ ሙዚቃ ክፍል አለው። አማርኛ የሚሰማ ከሆነ ግን ቃለ ተውኔት የበዛበትን ከባዱን ቴአትር አትፍሩት። ሰው ኮሜዲ ነው የሚመርጠው፣ ይገባኛል፣ ኑሮው ራሱ ከባድ ነው፣ ግን ኮሜዲውን ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ፣ አንድ ጥሩ ተዋናይ ብቻውን መድረክ መሃል ቆሞ ረጅም መነባንብ ሲወጣው የሞላ አዳራሽ ጸጥ ሲል ለመስማት ግን እንዲህ ያለ ቤት ነው የሚያስፈልገው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት ትኬት ቤቱን ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ፣ ፖስተሩ ላይ ሁልጊዜ አይጻፍም።

ትኬት

ትኬት መቁረጫው መስኮት ጋ ነው ጨዋታው። አዲስ ቴአትር የተከፈተ ሰሞንና እሁድ ቀን ሰልፍ ይኖራል፣ ሌላ ጊዜ ግን ቀደም ብላችሁ ከደረሳችሁ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ካሽም ያዙ ቴሌብርም ይኑራችሁ፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰዓት ሰልፉን ይዞ የሚቆም ሰው መሆን አትፈልጉም። ከመስኮቱ ውጪ "ትኬት አለ" ብሎ ከሚጠጋችሁ ሰው አትግዙ፣ በቃ።

መስኮቱ ጋ ስትደርሱ "ሁለት" ብላችሁ ብቻ አትቁረጡ። ወንበሩ በቁጥር ነው ወይስ እንደመጣ ነው፣ ምድር ነው ፎቅ፣ ዋጋው ይለያያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የቆረጣችሁትን ትኬት ደግሞ አትጣሉት፣ በር ላይ ይቀደድና ግማሹ ይመለስላችኋል፣ እረፍት ካለ ወጥታችሁ ስትመለሱ ትጠየቁበታላችሁ።

አመጣጥ

ታክሲ ከሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ "ብሔራዊ" ወይ "ለገሃር" የሚለውን ያዙ፣ ከለገሃር በእግር ትንሽ ነው። ባቡር ለሚመቸው ለገሃር ፌርማታ መውረድ ይቻላል። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተዉት። መንገድ ዳር ማቆም እንደ ድሮው አይደለም፣ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚወጣበት ሰዓት ነው፣ ከስታዲየም ሜክሲኮ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የቴአትሩን አንደኛ ገቢር ይበላዋል። ግድ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ አካባቢው ካሉት ህንፃዎች ፓርኪንግ ውስጥ አስገቡት፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቃችሁ ውጡ።

ከቴአትሩ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። አለባበስ? ማንም አያስገድዳችሁም፣ ግን የቆየው የቴአትር ተመልካች ለብሶ ነው የሚመጣው፣ አንዳንድ አባት ኮትና ከረባት አድርገው ታያላችሁ። ጃኬት ያዙ፣ ስትወጡ መሽቶ ነው፣ የአዲስ አበባ ማታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ክረምት ከሆነ ጃንጥላ።

ከውጭ፦ ሁለቱን አንበሶች አትቀላቅሉ

አሁን አንበሳው ጋ ደርሰናል። ፎቶ አንሱ፣ አልከለክልም፣ ግን ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ ስልኩን ኪስ ክተቱና ዞር ዞር ብላችሁ እዩት።

የሰራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ነው፣ ለዛው ለኢዮቤልዩው። ከፊት ስታዩት አንበሳ ነው፣ ወደ ጎን ስትሄዱ ግን አንበሳነቱ እየቀነሰ ህንፃ እየሆነ ይመጣል፣ ቀጥ ያለ፣ ጠርዝ የበዛበት፣ ጎፈሩ እንደ ጸጉር ያልተፈታ፣ ቅርፅ ሆኖ የተደረደረ። ጡንቻ ምናምን የለውም። በዛ ዘመን ብዙ ሰው አንበሳ ሲባል የሚጠብቀው እውነተኛውን የሚመስል አንበሳ ነበር፣ እና ይሄን አምጥቶ መሃል ከተማ ማቆም ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ከከተማችን ሐውልቶች በሙሉ ይሄን ነው የምመርጠው፣ የማይስማማ ይኖራል።

እውነተኛውን የሚመስለውን ከፈለጋችሁ ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አለላችሁ፣ ከቴአትር ቤቱ ትንሽ እርምጃ ነው። ያ ሌላ ታሪክ ነው፣ በ1923 ዓ.ም. ለንግሡ ተብሎ የቆመ፣ ጣልያን ነቅሎ ሮም የወሰደው፣ ዘርዓይ ደረስ እዛ ሮም አይቶት ደሙ ፈልቶ ጎራዴ የመዘዘበት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቦታው የተመለሰ አንበሳ ነው። ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ የዘርዓይን ታሪክ ለብሔራዊው አንበሳ ሲሰጠው እሰማለሁ፣ የብሔራዊው በ1948 ዓ.ም. የመጣ ነው፣ ሮምን አያውቃትም። ጊዜ ካላችሁ ለገሃር ወርዳችሁ ያንን አይታችሁ ወደዚህ ተመለሱ፣ በ25 ዓመት ውስጥ ያው አንድ መንግሥት አንበሳውን እንዴት ባለ ሌላ ዓይን እንዳየው በእግራችሁ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ።

አካባቢውንም ቀና ብላችሁ እዩ። ያ ክብ የሆነው የንግድ ባንክ ህንፃም የሾሜ ሥራ ነው፣ አጠገቡ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ የባንኩ ህንፃ ቆሟል፣ አንገታችሁን ካላመማችሁ ጫፉን እዩት። ራስ ሆቴልም እዛው ነው፣ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ ያረፉበት። አካባቢው ላይ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆች ታገኛላችሁ፣ ተከራከሩ፣ የቆዩ ተውኔቶች አንዳንዴ እዛ መሃል ይገኛሉ። "ዶላር አለ?" እያለ ሹክ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን እንዳልሰማ እለፉ።

በሩን ስታልፉ

ፍተሻ አለ፣ መታወቂያ ያዙ። ትልቅ ካሜራ ከያዛችሁ በር ላይ ጥያቄ ይነሳል፣ ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሰፊ ፎቶ ለማንሳት ፈልጋችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ በሥራ ሰዓት ቢሮ ገብታችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ የማታ ፈታሽ ላይ አትጨቃጨቁ፣ እሱ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የለውም።

ከገባችሁ በኋላ ቀጥታ ወደ አዳራሽ አትሩጡ። መጠበቂያው ላይ ቁሙና የታደሰ ቤት እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ፣ ይሄ ክፍል ለብሔራዊ ብቻ ሳይሆን ለየትኛውም የታደሰ አሮጌ ቤት ይሰራል።

እድሳት ሲባል አብዛኛው ሰው ቀለም ነው የሚያየው። ቀለም የመጨረሻው ነው፣ ቀለም ሁሉም ይቀባል። እናንተ መጀመሪያ ወደ ታች እዩ፣ ወለሉን። በዛ ዘመን የተሰራ ህንፃ ላይ ቴራዞ ብዙ ነው፣ ያ ሲሚንቶ ውስጥ የተፈጨ እብነበረድ ተቀላቅሎ የሚፈጨውና የሚወለወለው። ድሮውን ያወቀ አዳሽ የተሰነጠቀውን ቦታ ብቻ ሞልቶ መልሶ ይወለውለዋል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ የጠጠሩ ቀለም ትንሽ የተለየ መስመር ታገኛላችሁ፣ ያ መስመር ጥሩ ነው፣ ደስ ይበላችሁ፣ የድሮው አለ ማለት ነው። የቸኮለ አዳሽ ግን ከላዩ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ያነጥፍበትና ጨረስኩ ይላል። ከዛ የደረጃውን እጀታ ንኩ፣ የበሩን መያዣ ንኩ። ስንት ሺህ እጅ የነካው ነሐስ ጠርዙ ተበልቶ ይለሰልሳል፣ አዲሱ ገና ነው። ከዛ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትን ጥግ እዩ፣ ኤሌክትሪክ መስመሩ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል ወይስ በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ከውጭ ተጎትቷል? አሮጌ ቴአትር ቤት ላይ ትልቁ ሥራ የማይታየው ይሄ ነው። መድረክ መብራት ከፍተኛ ኃይል ይስባል፣ መጋረጃና እንጨት እዛው አሉ፣ በዓለም ላይ የተቃጠሉ ቴአትር ቤቶች ታሪክ ብዙው ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ስለ እሳት ካነሳን አይቀር፣ መውጫዎቹን ቁጠሩ። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው? ከኋላው ወንበር ወይ ካርቶን ተደርድሮበታል? ቁልፍ ተደርጓል? ይሄን ማየት ሟርት አይደለም፣ ከሺህ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ልትቀመጡ ነው።

አዳራሹ ውስጥ፦ የት ነው የሚቀመጠው

መጀመሪያ ሰው ሳይሞላ መሃለኛው መተላለፊያ ላይ ቁሙና አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እጃችሁን አጨብጭቡ። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ አዳራሹ ለንግግር ይመቻል፣ ትንሽ ከቆየና ከተመለሰ ለሙዚቃ ጥሩ ነው ለንግግር ግን ያስቸግራል፣ "ጠጠጠጥ" የሚል ነገር ከሰማችሁ ደግሞ ድምፁ ሁለት ፊት ለፊት የቆሙ ልሙጥ ግድግዳዎች መሃል እየተመላለሰ ነው። ከዛ ወንበሩን ዳስሱት። ቴአትር ቤት ላይ ወንበር በጨርቅ የሚለበሰው ለምቾት ብቻ አይደለም፣ ባዶ የሆነ የጨርቅ ወንበር ድምፅ የሚውጠው ሰው የተቀመጠበትን ያህል ሊሆን ይጠጋል፣ ስለዚ ተመልካች ጎደለም ሞላም አዳራሹ ድምፁ ብዙ አይለዋወጥም። በፕላስቲክ ከተቀየረ ግማሽ በሞላ ቀን ተዋናዩ የሚለው ሁሉ ይደባለቅባችኋል። እድሳት ላይ ወንበር ስንት ፈጀ ብቻ ሳይሆን በምን ተሰራ ብሎ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

አሁን ቦታ ምረጡ። የፊቶቹ ረድፎች ለስም ነው የሚያምሩት፣ መድረኩ ከፍ ስለሚል የተዋናዩን እግር አታዩም፣ አንገታችሁም ይደክማል። ለቃለ ተውኔት የሚሻለው ምድር ላይ፣ መሃል፣ ከመድረኩ ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው፣ ፊታቸውንም ታያላችሁ መድረኩ ሙሉም ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ለውዝዋዜ ግን ፎቅ ውጡ፣ የፎቁ የመጀመሪያ ረድፍ፣ ምክንያቱም ተወዛዋዦቹ ሲሰለፉ ሲበተኑ የሚሰሩት ቅርፅ ከላይ ነው የሚታየው፣ ምድር የተቀመጠ ሰው ፊተኞቹን ብቻ ነው የሚያየው። ከፎቁ ስር ጥልቅ ብሎ ያለው የኋላ ቦታ ላይ ድምፅ ይታፈናል፣ ሌላ ካለ አትቀመጡበት። ዳርና ዳር ደግሞ የመድረኩን አንዱን ጥግ ያሳጣችኋል፣ አዘጋጁ ቁም ሣጥን ያስቀመጠው እዛ ጥግ ከሆነ ከውስጡ ማን እንደወጣ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ እርሱት፣ መተላለፊያ ዳር፣ በር አጠገብ፣ ደረጃ የሌለበት ቦታ አስቀምጧቸው።

ቁጭ ካላችሁ በኋላ ጊዜ ካለ ከመድረኩ ግንባር ጀምሮ እስከ ጣሪያው እዩ፣ መብራቶቹ የት የት እንደተሰቀሉ። አስተናጋጆቹ መሃል ረጅም ዓመት የሰራ ሰው ካገኛችሁ "ጋሼ፣ ንጉሡ ሲመጡ የት ነበር የሚቀመጡት?" ብላችሁ ጠይቁ። ትልቅ ሰው ከሆነ አንቱ በሉ፣ ሞቅ ብሎ ያወራችኋል፣ በየትም ጽሑፍ የማታገኙት ነገር የሚገኘው እንዲህ ነው።

መጋረጃው ሲከፈት

ስልክ አጥፉ፣ ሳይለንት ሳይሆን አጥፉ፣ ምክንያቱም ሳይለንት ያደረገ ሰው ሜሴጅ ሲመጣ ይከፍተዋል፣ በጨለማ ውስጥ ያ ብርሃን ከኋላ ላለው ሰው ሁሉ ነው የሚበራው። ቪዲዮ አትቅረጹ፣ አንድ ቴአትር ስንት ወር ልምምድ እንደሚወስድ የሚያውቅ ሰው ቲክቶክ ላይ ቆርጦ አይለቅም። ሱፍና ፈንዲሻ እቤት ይቅር።

ከዛ ውጪ ግን ዲዳ ሁኑ ማለቴ አይደለም። የእኛ ሀገር ተመልካች ይስቃል፣ "ኧረ!" ይላል፣ ጥሩ መነባንብ ላይ መሃል ላይ ያጨበጭባል፣ ተዋናዩም ጭብጨባው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ እንደዛ ነው የተለመደው። የሚያናድደው ጎን ላለው ሰው ታሪኩን ቀድሞ የሚተርክ ብቻ ነው። እረፍት ካለ ውጡና እግራችሁን ፍቱ፣ ከሌለ ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሽንት ቤት ግቡ፣ መሃል ላይ ስትነሱ ስንት ጉልበት እንደምታነሱ አስቡት።

ሲያልቅ ቶሎ አትሩጡ። ተዋንያኑ እጅ ነስተው እስኪጨርሱ ቆማችሁ አጨብጭቡ፣ ሰዉ በአንድ በር ሲጋፋ እናንተ ቀስ ብላችሁ ትወጣላችሁ። ውጪ ላይ በስልክ ራይድ ወይ ፈረስ ታክሲ ከጠራችሁ በሩ ፊት ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብላችሁ ጥሩ፣ ሁሉም እኩል ስለሚጠራ ሹፌሩ የትኛው ተሳፋሪ እንደሆናችሁ አያገኛችሁም።

ለወደዳችሁት፦ ሽቅብ ወደ ፒያሳ

ሌላ ቀን፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ ከምሳ በፊት፣ ከብሔራዊ ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግር ውጡ። ዳገት ነው፣ ቀስ በሉ። ትግላችን ሐውልትንና ጥቁር አንበሳን አልፋችሁ ቴዎድሮስ አደባባይ ትደርሳላችሁ፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት፣ ከዛ ከላይ ማዘጋጃ ቤት። ማዘጋጃውም የራሱ የቴአትርና የባህል አዳራሽ አለው፣ ህንፃው የጣልያኑ አርክቴክት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው፣ የአፍሪካ አዳራሽን የሰራው ሰው። ከእዛ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ይዛችሁ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ በኩል ስትወጡ ሀገር ፍቅር ቴአትር ብዙም አይርቅም።

ሀገር ፍቅርን ከብሔራዊ ጋር አታወዳድሩ፣ ትንሽ ነው፣ እብነበረድና አንበሳ የለውም፣ ግን ዕድሜው ይበልጣል። በ1927 ዓ.ም. ጣልያን ሊመጣ ሲያሰፈስፍ እነ መኮንን ሀብተወልድ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ያቋቋሙት ማህበር ነው፣ በንግግር፣ በመዝሙር፣ በፉከራና ሽለላ የጀመረ። ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ድምፃዊ ወደ ክቡር ዘበኛ ከመሄዱ በፊት እዛ ነው የጀመረው። በመጠኑ ማነስ የተነሳ የትም ብትቀመጡ ተዋናዩ ቅርብ ነው፣ ላቡ ይታያችኋል፣ ስለዚ ከላይ ስለ ቦታ መምረጥ ያልኩት ሁሉ እዛ አይሰራም፣ ያገኛችሁበት ተቀመጡ።

የከሰዓቱ ቴአትር እስኪደርስ ፒያሳ ቶሞካ ገብታችሁ ቡና ጠጡ፣ ቆማችሁ ነው የምትጠጡት፣ እሁድ ከሆነ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ለመመለሻ ከፒያሳ ወደ ለገሃርም ወደ ሜክሲኮም ታክሲ አለ፣ ማታ ላይ ግን ሰልፉ ስለሚረዝም ቴአትሩ እንዳለቀ ቀጥታ ወደ ተራው ሂዱ፣ ስለ ቴአትሩ ሰልፍ ላይ ሆናችሁም ማውራት ትችላላችሁ።